ባለብዙ ምዕራፍ ክሊኒካል ሙከራን ቀድሞ ማቆም፦ ደንቡን ከማርቀቅ እስከ ውሳኔው ቀን

መረጃውን አምስት ጊዜ እየከፈተ በእያንዳንዱ ጊዜ «የፒ ዋጋው (መድኃኒቱ ባይሠራ ኖሮ ይህን ያህል ወይም የበለጠ ልዩነት በአጋጣሚ የመታየት ዕድል) ከ0.05 ካነሰ አቆማለሁ» የሚል የጥናት ቡድን ሳያውቀው ራሱን ያታልላል። መድኃኒቱ ቅንጣት ታህል ባይሠራ እንኳ ከአምስቱ ዕይታዎች በአንዱ «ይሠራል» የሚያሰኝ ቁጥር የማግኘት ዕድሉ 5 በመቶ አይደለም፤ 14.2 በመቶ ነው። በሁለት ዕይታ 8.3፣ በሦስት 10.7፣ በዐሥር ደግሞ 19.3 በመቶ ይደርሳል። አርሚቴጅ፣ ማክፈርሰንና ሮው ይህን በ1969 ካሳዩ ወዲህ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ክርክሩ መሐል ላይ ማየት ይፈቀዳል አይፈቀድም መሆኑ ቀርቷል። የቀረው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ዕይታ ስንት ይከፈላል የሚለው ነው። አልፋ፣ ማለትም የማይሠራውን «ይሠራል» የማለት የስህተት ዕድል፣ እንደ በጀት ነው፤ አስቀድሞ ይመደባል፣ በየዕይታው ይቀነሳል፣ ካለቀ አይሞላም።

1. ለምን እንደምታቆሙ ለዩ

ሦስት የማቆሚያ ምክንያቶች አሉ፤ የሦስቱም ሒሳብ ይለያያል።

አንደኛው ጥቅሙ በመረጋገጡ ነው። ከልብ ጥቃት በኋላ ፕሮፕራኖሎል የተባለውን መድኃኒት የፈተነው ቢኤችኤቲ የተባለው ሙከራ በ1981 ከዕቅዱ ዘጠኝ ወር ቀድሞ የቆመው በዚህ ምክንያት ነበር። ሁለተኛው ጉዳት ነው፤ በ1989 ካስት የተባለው ሙከራ ኢንካይናይድና ፍሌካይናይድ የተባሉ የልብ ምት ማስተካከያ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሕሙማን ፕላሴቦ (መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ) ከሚወስዱት ይልቅ ብዙ ሲሞቱ የሁለቱን መድኃኒቶች ክንድ (አንድ ዓይነት ሕክምና የሚያገኘውን ቡድን) ዘጋ። ሦስተኛው ፋይዳ ማጣት ነው። በደቡብ አፍሪካ ከ5,400 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የኤችአይቪ ክትባት ሙከራ ኤችቪቲኤን 702 በ2020 ሲቆም፣ ከተከተቡት 129፣ ፕላሴቦ ካገኙት 123 ሰዎች በቫይረሱ ተይዘው ነበር። ቀጥሎ ቢሄድ ይህ ልዩነት ወደ ጥቅም የሚዞርበት መንገድ አልነበረም።

ጥቅምን ለማወጅ ጠንካራ ማስረጃ ያስፈልጋል፤ ውጤቱ የብዙ ሐኪሞችን አሠራር ይቀይራልና። ጉዳትን ለማስቆም ግን ያንኑ ያህል መጠበቅ ተገቢ አይደለም። ስለዚህ የላይኛውና የታችኛው ወሰን (ውጤቱ ሲያልፈው ሙከራውን የሚያስቆመው ቁጥር፣ አንዱ ለጥቅም ሌላው ለጉዳት) የግድ የመስተዋት ምስል መሆን የለባቸውም። አንድ ቀመር ለሁለቱም ገልብጦ መለጠፍ የተለመደ ስንፍና ነው።

2. ሰው ሳይሆን መረጃ ቁጠሩ

ሞትን ወይም የበሽታ ማገርሸትን በሚከታተል ሙከራ ውስጥ የስታቲስቲክስ መረጃ የሚመጣው ከክስተት ነው። 2,000 ሰው መዝግባችሁ 40 ሰው ብቻ ከሞተ ያላችሁ የ40 ክስተት መረጃ ነው። ስለዚህ ዕይታዎቹ «በየስድስት ወሩ» ተብለው ሳይሆን በክስተት ብዛት ይተከሉ።

እስከ መጨረሻው የምንከተለው ምሳሌ ይህ ነው፦ አዲሱ ሕክምና የሞትን ሐዛርድ ሬሾ (በአዲሱ ሕክምና ክንድ ያለው የሞት ፍጥነት በማነጻጸሪያው ክንድ ላለው ሲካፈል) ወደ 0.75 ያወርዳል ብለን እንገምታለን፤ የአንድ ወገን አልፋ 0.025 (የጥቅሙን አቅጣጫ ብቻ የሚቆጥር፤ በሁለት ወገን 0.05 ከሚባለው ጋር የሚመጣጠን)፣ ፓወር (የሚሠራን ሕክምና «ይሠራል» ብሎ የማግኘት ዕድል) 90 በመቶ፣ በሁለቱ ክንዶች እኩል ምደባ። የሾንፌልድ ቀመር እንዲህ ይላል፦

የክስተት ብዛት = 4 × (1.960 + 1.282)² ÷ (የ0.75 የተፈጥሮ ሎጋሪዝም)²

1.960 ከአልፋው፣ 1.282 ከፓወሩ የሚመጡ ናቸው። ላይኛው 42.03፣ ታችኛው 0.0828 ነው፤ ሲካፈል 508 ክስተት። ይህ ያለምንም የመሐል ዕይታ ነው። የመረጃ ድርሻ የምንለው እስካሁን የተመዘገበው ክስተት ለመጨረሻው ሲካፈል ነው፤ የሚቀጥሉት ስሌቶች ሁሉ በዚህ ድርሻ ላይ ይቆማሉ።

የክስተት ዓይነት ላልሆነ ውጤት (ለምሳሌ በ12ኛው ሳምንት ለሚለካ የደም ግፊት) መረጃ የሚሆነው ልኬቱን ያጠናቀቀ ሰው ነው፤ የተመዘገበ ሰው አይደለም። ይህን ማምታታት የመረጃ ድርሻውን ያሳብጣል፣ በጀቱንም ያለጊዜው ያስወጣል።

3. ስንት ጊዜ፣ መቼ

ለአብዛኛው ትልቅ ሙከራ ከመጨረሻው ጋር ሁለት ወይም ሦስት ዕይታ ይበቃል። ከአምስት በላይ ሲሆን የሚገኘው ትርፍ ይሳሳል፤ የመረጃ ማጽዳቱና የክትትል ኮሚቴው (የመሐል ውጤቱን የሚገመግመው ገለልተኛ ቡድን) ስብሰባ ድካም ግን አይቀንስም።

የመጀመሪያው ዕይታ በጣም ቀድሞ ከሆነ ሁለት ችግር አለ። በጥቂት ክስተት ላይ የቆመ ልዩነት ዛሬ ታይቶ ነገ ይጠፋል። ሌላው ውጤታቸው ዘግይቶ የሚመጣ ሕክምናዎች ናቸው፤ የካንሰር ኢሚውኖቴራፒ ዋነኛው ምሳሌ ነው። የመኖር መስመሮቹ ለወራት ተጣብቀው ቆይተው በኋላ ይለያያሉ። እንዲህ ባለ ሙከራ በሲሶ መረጃ ላይ የፋይዳ ማጣት ወሰን ማስቀመጥ የሚሠራን መድኃኒት መቅበር ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያውን ዕይታ ለደኅንነት ብቻ አድርጉት፤ የፋይዳውን ጥያቄ ወደ ግማሽና ከዚያ በላይ ግፉት።

4. የወሰኑን ቅርጽ ምረጡ

ሦስት እኩል የተራራቁ ዕይታዎች ቢኖሩ፣ በሁለት ወገን 0.05 ላይ ሦስቱ ዕውቅ ደንቦች የሚጠይቁት የዜድ ዋጋ (የታየው ልዩነት የመደበኛ ስህተቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ)፦

| ደንብ | 1ኛ ዕይታ | 2ኛ ዕይታ | መጨረሻ |
|---|---|---|---|
| ፖኮክ (1977) | 2.289 | 2.289 | 2.289 |
| ኦብራየን–ፍሌሚንግ (1979) | 3.471 | 2.454 | 2.004 |
| ሄይቢትል–ፒቶ | 3 ገደማ | 3 ገደማ | 1.96 ገደማ |

ፖኮክ በጀቱን ቀድሞ ያወጣል። ቀድሞ የማቆም ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ዋጋው ግን መጨረሻ ላይ ይመጣል። እስከ መጨረሻ የሄደ ሙከራ የፒ ዋጋው 0.03 ቢሆን ወድቋል ማለት ነው፤ የሚፈለገው 0.0221 ነውና። ይህን ለስፖንሰርም ለአንባቢም ማስረዳት አስቸጋሪ ነው። የናሙናውም ጭማሪ ከባድ ነው፦ በ90 በመቶ ፓወርና በሦስት ዕይታ የ15 በመቶ፣ በአምስት ዕይታ ወደ 21 በመቶ።

ኦብራየን–ፍሌሚንግ ተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ላይ እጁ የተጨበጠ ነው፤ ወደ መጨረሻው ይዘረጋል። የመጨረሻው ወሰን ከ1.96 ብዙም አይርቅም፤ የናሙናው ጭማሪም በሦስት ዕይታ 1.6 በመቶ ብቻ ነው። ለማረጋገጫ (ሦስተኛ ደረጃ) ሙከራ ሌላ የሚያስመርጥ ልዩ ምክንያት ከሌለ ይህን ያዙ።

የሄይቢትል–ፒቶ ደንብ ስሌት ለማይወዱ ነው፦ መሐል ላይ የፒ ዋጋው ከ0.001 አካባቢ ካልወረደ አትንኩ፣ መጨረሻ ላይ እንደተለመደው ፈትሹ። የአልፋው መብለጥ እዚህ ግባ አይባልም። ሆኖም «አይባልም» ማለት ዜሮ ማለት ስላልሆነ ተቆጣጣሪ አካል ከጠየቀ ቁጥሩን አስልታችሁ መያዝ አለባችሁ።

5. ወሰኑን በወጪ ቀመር እሰሩት

ከላይ ያሉት ሠንጠረዦች ዕይታዎቹ ልክ በእኩል ርቀት ላይ እንዲውሉ ይጠይቃሉ። በተግባር አይውሉም። ኮሚቴው የሚሰበሰብበት ቀን ሲደርስ 344 ክስተት (በክፍል 6 ከምናገኘው የ516 ጠቅላላ ክስተት ሁለት ሦስተኛው) ሲጠበቅ 310 ይገኛል፣ ወይም 371። ላንና ዴሜትስ በ1983 ያመጡት መፍትሔ ወሰኑን ሳይሆን የወጪውን ቀመር አስቀድሞ መወሰን ነው። ቀመሩ በማንኛውም የመረጃ ድርሻ ላይ «እስካሁን ይህን ያህል አልፋ ወጥቷል» ይላል፤ ወሰኑ ከዚያ ይሰላል።

ኦብራየን–ፍሌሚንግን የሚመስለው የወጪ ቀመር ለአንድ ወገን 0.025 እንዲህ ያወጣል፦ በሲሶ መረጃ 0.0001፣ በሁለት ሦስተኛ 0.0060፣ መጨረሻ ላይ ሙሉው 0.0250። የሚወጡት ወሰኖች 3.710፣ 2.511 እና 1.993 ናቸው። ሁለተኛው ዕይታ በ344 ፈንታ በ310 ክስተት ላይ ከዋለ የመረጃ ድርሻው 0.60 ስለሚሆን የወጣው ድምር ከ0.0060 ወደ 0.0038 ይወርዳል፤ ወሰኑ ከፍ ይላል፣ ያልወጣው ለመጨረሻው ይቀመጣል። ማንም ፕሮቶኮል ማሻሻል አያስፈልገውም።

አንድ ገደብ ግን አለ። ቀመሩ የዕይታውን ጊዜ እንድትቀይሩ የሚፈቅደው ለውጡ ከውጤቱ ጋር ካልተያያዘ ብቻ ነው። ውጤቱ ወሰኑን ሊነካ ጥቂት እንደቀረው አይቶ «ከሁለት ወር በኋላ ደግመን እንይ» ማለት ስሌቱ የቆመበትን መሠረት ይንዳል።

ቅርጹን ማስተካከል ለሚፈልግ የህዋንግ–ሺህ–ዴካኒ የወጪ ቀመሮች ቤተሰብ አለ፤ አንዱ መለኪያው ጋማ ነው። ጋማ −4 ሲሆን ኦብራየን–ፍሌሚንግን፣ 1 ሲሆን ፖኮክን ይቀርባል።

6. ወሰኑን ሐኪም ወደሚያውቀው ቁጥር ተርጉሙ

የ508ን ክስተት በ1.016 (በክፍል 4 ባየነው የ1.6 በመቶ የናሙና ጭማሪ) አባዙት፤ 516 ይሆናል፣ ለሦስትም እኩል ይካፈላል። ዕይታዎቹ በ172፣ በ344 እና በ516 ላይ ይውላሉ። በእኩል ምደባ የሐዛርድ ሬሾው ሎጋሪዝም መደበኛ ስህተት 2 ለክስተቱ ስኩዌር ሩት ሲካፈል ነው፤ ከዚያ ወሰኑን የሚያልፈው ሬሾ ይገኛል፦

– በ172 ክስተት፦ 0.568 ወይም ያነሰ
– በ344 ክስተት፦ 0.763 ወይም ያነሰ
– በ516 ክስተት፦ 0.839 ወይም ያነሰ

ይህ ትርጉም በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ ካለው ሰነድ ሁሉ ይበልጣል። ዜድ 3.710 ለልብ ሐኪም ምንም አይነግረውም፤ «በመጀመሪያው ዕይታ ሞትን በ43 በመቶ ካልቀነሰ አናቆምም» ማለት ግን ይነግረዋል። እውነተኛው ሬሾ እንደታቀደው 0.75 ከሆነ በመጀመሪያው ዕይታ የመቆም ዕድሉ 3.4 በመቶ፣ እስከ ሁለተኛው ደግሞ 56 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ዕይታ በተግባር የደኅንነት ዕይታ ነው፤ የበጀትና የመድኃኒት አቅርቦት ዕቅድ ሲወጣ ሁለተኛውን አስቡ።

ሲሙሌሽን (ሙከራውን በኮምፒዩተር ደጋግሞ ማስመሰል) ሥሩ። ጂኤስዲዛይንና አርፓክት የተባሉት የአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራም) ጥቅሎች ስሌቱንም ሲሙሌሽኑንም ይሠራሉ። በ10,000 ድግግሞሽ የ0.025 ግምት መደበኛ ስህተት 0.0016 ነው፤ 0.025ን ከ0.027 ለመለየት አይበቃም። 100,000 ሲሆን ወደ 0.0005 ይወርዳል። ሕሙማን ቀስ ብለው ቢመዘገቡ፣ ከሙከራው የሚወጡ ቢበዙ፣ የመድኃኒቱ ውጤት ቢዘገይ ምን እንደሚሆን የሚያሳዩ መላምቶችን አስገቡ።

7. የፋይዳ ማጣት ወሰን

በብዛት የሚሠራበት መለኪያ ሁኔታዊ ፓወር ነው፦ እስካሁን ያየነው እንዳለ ሆኖ መጨረሻ ላይ ወሰኑን የማለፍ ዕድል። የመረጃ ድርሻውን «ድ» እንበለውና በአራት ርምጃ እናስላ። በሁለተኛው ዕይታ፣ በ344 ክስተት፣ ሬሾው 0.92 ሆኖ ተገኘ እንበል።

ሀ) ዜድ = 0.0834 × 18.55 ÷ 2 = 0.773 (የ0.92 ሎጋሪዝም መጠን በ344 ስኩዌር ሩት ተባዝቶ ለ2 ሲካፈል)።
ለ) ዜድን በድ ስኩዌር ሩት አባዙ፦ 0.773 × 0.8165 = 0.631። ይህ እስካሁን የተጓዝነው መንገድ ነው።
ሐ) በቀረው መረጃ የሚጠበቀውን ጉዞ ጨምሩ። የአሁኑ አዝማሚያ ከቀጠለ 0.631 ÷ 0.667 × 0.333 = 0.316። የመጀመሪያው ግምት (0.75) እውነት ከሆነ ደግሞ 3.268 × 0.333 = 1.089፤ 3.268 በዚያ ግምት በ516 ክስተት ላይ የሚጠበቀው ዜድ ነው።
መ) ከመጨረሻው ወሰን 1.993 ላይ የሁለቱን ድምር ቀንሱ፣ ለቀረው መረጃ ስኩዌር ሩት (0.577) አካፍሉ፣ ከዚያ በላይ ያለውን የኖርማል ሥርጭት ድርሻ አንብቡ።

በአሁኑ አዝማሚያ 3.5 በመቶ፤ በመጀመሪያው ግምት 32 በመቶ። መረጃው አንድ ነው፣ ዕይታው አንድ ነው፣ መልሱ ግን ዘጠኝ እጥፍ ይለያያል። ስለዚህ ፕሮቶኮል ውስጥ «ሁኔታዊ ፓወር ከ20 በመቶ ካነሰ እናቆማለን» ብሎ መጻፍ ምንም አለመጻፍ ነው፤ በየትኛው ግምት እንደሚሰላ አብሮ ካልተጻፈ በውሳኔው ቀን ሁለት ወገን ሁለት ቁጥር ይዞ ይመጣል። በአሁኑ አዝማሚያ ብቻ ማስላት በተለይ ቀድሞ ሲሆን ይጨክናል፤ በመጀመሪያው ግምት ብቻ ማስላት ደግሞ የሞተን ተስፋ ያስታምማል። ሁለቱንም አሳዩ፣ ደንቡን ግን በአንዱ ላይ እሰሩ።

ሌላው ውሳኔ ወሰኑ አስገዳጅ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ነው። አስገዳጅ ከተባለ የጥቅሙን ወሰን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ኮሚቴው ወሰኑ ታልፎ ሳለ «እንቀጥል» ቢል ግን አልፋ ከ0.025 ይበልጣል። ኮሚቴዎች ደግሞ እንቀጥል ይላሉ። አስገዳጅ ያልሆነውን ምረጡ፤ የሚጠፋው ጥቂት ፓወር ነው፣ የሚተርፈው የአልፋው ዋስትና ነው።

8. ትንሹ ሙከራ፦ የሳይመን ሁለት ምዕራፍ

አንድ ክንድ ብቻ ባለው የሁለተኛ ደረጃ የካንሰር ሙከራ ዕጢው ስንት ሰው ላይ እንደቀነሰ ይቆጠራል። ሳይመን በ1989 ያወጣው ዕቅድ ለዚህ ነው። የማይረባው ምላሽ 10 በመቶ፣ የሚፈለገው 30 በመቶ፣ አልፋ 0.05፣ ፓወር 80 በመቶ ሲሆን፦

«ኦፕቲማል» የሚባለው በመጀመሪያ 10 ሰው ያክማል። ምላሽ የሰጠው አንድ ወይም ማንም ካልሆነ ይቆማል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ 29 ይቀጥላል። በጠቅላላው አምስት ወይም ያነሰ ከሆነ መድኃኒቱ ይተዋል። የማይረባ መድኃኒት በመጀመሪያው ምዕራፍ የመቆም ዕድሉ 74 በመቶ ነው፤ አማካይ የሰው ብዛትም 15። «ሚኒማክስ» የሚባለው 15 ሰው ይዞ ይጀምርና ጣሪያው 25 ነው፤ አማካዩ ግን 19.5 ይሆናል። ሕሙማን የሚገኙት በጭንቅ ከሆነ ሚኒማክስ፣ መድኃኒቱ መርዛማነት ካለው ኦፕቲማል ይመረጣል።

እዚህ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ዐሥረኛው ሰው ገብቶ ውጤቱ ሳይታወቅ ዐሥራ አንደኛው፣ ዐሥራ ሁለተኛው ይመዘገባሉ። ምዝገባው በመሐል ይቆም ወይም አይቁም አስቀድማችሁ ጻፉ። የሰዉ ቁጥር ከዕቅዱ ካለፈ 1 እና 5 የሚሉት ገደቦች ዋስትናቸውን አጥተዋልና እንደገና መሰላት አለባቸው።

9. ብዙ ክንድ ሲኖር

አንድ የጋራ ማነጻጸሪያ ክንድና ብዙ አዳዲስ ሕክምናዎች ያሉበት ሙከራ ደካማዎቹን በየምዕራፉ ይጥላል። በ2005 የጀመረው የፕሮስቴት ካንሰር ሙከራ ስታምፒድ በመሐል ምዕራፎቹ የአንድ ወገን ደረጃውን 0.5፣ 0.25፣ 0.1 እያለ አጥብቦ መጨረሻውን 0.025 አደረገ። የመሐሉ ደረጃ እንዲህ የላላው ጥቅምን ለማወጅ ስላልሆነ ነው፤ ጥያቄው «ይህ ክንድ ለመቀጠል የሚያበቃ ምልክት አለው?» ብቻ ነው። መሐል ላይ የሚለካው ከሞት ቀድሞ የሚታይ ውጤት (በሽታው ሳይባባስ የመኖር ጊዜ) ነበር፤ ሴሌኮክሲብ ያለባቸው ሁለት ክንዶች በ2011 በዚህ መንገድ ተዘጉ። ዘዴው የሚሠራው ፈጣኑ ውጤት ከዋናው ጋር አብሮ የሚሄድ ከሆነ ነው።

የናሙናውን መጠን መሐል ላይ መቀየር የሚፈልግ ደግሞ የምዕራፎቹን መረጃ ዝም ብሎ መደመር አይችልም። የባወርና ኮህነ (1994) ዘዴ የሁለቱን ምዕራፍ የፒ ዋጋዎች ለየብቻ አስልቶ ያባዛቸዋል፤ ለአልፋ 0.025 ብዜቱ ከ0.0038 መብለጥ የለበትም።

10. የዕይታው ቀን

ክንዶቹን ለይቶ የሚያይ ገለልተኛ የመረጃ ክትትል ኮሚቴና ሪፖርቱን የሚያዘጋጅለት ከስፖንሰሩ የተለየ ስታቲስቲሺያን ይኑር። መርማሪዎች ውጤቱን ካዩ፣ ሳይታወቃቸው የሚመዘግቡትን ሰው መምረጥ ይጀምራሉ። «ሙከራው ይቀጥላል» የሚለው ማስታወቂያ እንኳ መረጃ ያፈሳል፤ የፋይዳ ማጣት ወሰኑ በይፋ ከታወቀ አንባቢው ሬሾው ከየት በታች እንደሆነ ያሰላል።

ቅደም ተከተሉ፦ የመረጃ መቁረጫ ቀን ይወሰን፤ ክስተቶቹ በገምጋሚ ኮሚቴ ይጽደቁ፤ ትክክለኛው የመረጃ ድርሻ ይሰላ፤ ወሰኑ በወጪ ቀመሩ ይታደስ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የክንዶቹ ኮድ (ማን የትኛውን ሕክምና እንዳገኘ የሚገልጸው) ይከፈት። ወሰኑን ከኮዱ በፊት አስልቶ ቀኑን ጽፎ መፈረም አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ በኋላ የሚነሳን ጥርጣሬ ግን ይዘጋል።

ወሰኑ ሲታለፍ ኮሚቴው የግድ ያቁም ማለት አይደለም። የክትትሉ ርዝመት፣ የጎንዮሽ ጉዳቱ፣ ውጤቱ በንዑሳን ቡድኖች ውስጥ ያለው ወጥነት ይመዘናል። በ2002 የኢስትሮጅንና ፕሮጀስቲን ሙከራ (የሴቶች ጤና ኢኒሼቲቭ) የቆመው የጡት ካንሰር ወሰን ስለታለፈ ብቻ አልነበረም፤ ጥቅሙንና ጉዳቱን በአንድ የሚለካው አመላካችም ጉዳቱ እንደሚያመዝን አሳይቶ ነበር።

11. ከቆመ በኋላ

ቀድሞ የቆመ ሙከራ ግምቱ የተጋነነ ነው፤ ከስሌቱ ራሱ ይታያል። እውነቱ 0.75 ሆኖ ሳለ በመጀመሪያው ዕይታ ለመቆም ከ0.568 በታች መገኘት አለበት፤ ስለዚህ እዚያ የቆመ ሁሉ ያጋነነ ነው። ተራውን ግምትና ተራውን የ95 በመቶ የመተማመኛ ክልል ብቻ አታቅርቡ። በምዕራፍ ቅደም ተከተል የተሰላ ሚዲያኑ ያልተዛባ ግምት (ከእውነቱ በላይም በታችም የመውደቅ ዕድሉ እኩል የሆነ) እና ከእሱ ጋር የሚሄደውን ክልል ጨምሩ፤ ከላይ የተጠቀሱት ጥቅሎች ያወጡታል።

መቁረጫው ቀን ላይ ገና ውጤታቸው ያልታወቀ ሕሙማን ይኖራሉ፤ እነሱ ሲጨመሩ ዜድ ከወሰኑ በታች ሊመለስ ይችላል። ዋናው መደምደሚያ በየትኛው መረጃ እንደሚቆም ፕሮቶኮሉ አስቀድሞ ይናገር፤ ሁለቱም ግን ይታተሙ።

ሁለተኛ ደረጃ ውጤቶችም የራሳቸው ወሰን ያስፈልጋቸዋል። ዋናው ውጤት በመሐል ዕይታ ስላለፈ ሁለተኛው በሙሉ 0.025 ሊፈተን ይችላል ብሎ ማሰብ ብዙ ጊዜ የሚታይ ስህተት ነው። ለሁለተኛው ውጤት የተለየ የወጪ ቀመር መድቡ፤ ለዚህኛው የፖኮክ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ይሻላል፣ ዋናው ቀድሞ ሲቆም ለሁለተኛው ሌላ ዕይታ አይኖርምና።